«ምንም» ያልኩባት ደቂቃ፦ ዕቅዳቸውን ጉባኤ ላይ ለሚያቀርቡ የዶክትሬት ተማሪዎች

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ደወለችልኝ። ፕሮፖዛሏ ጸድቋል። ውጭ አገር በሚካሄድ የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ጉባኤ፣ በዶክትሬት ተማሪዎች መድረክ ላይ ዕቅዷን እንድታቀርብ ተቀብለዋታል። ደስታዋ በድምጿ ይሰማል። ከደስታው ሥር ግን ፍርሃት አለ። «ዶክተር፣» አለችኝ፣ «ገና ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። ከስላይዱ ላውጣው ወይስ እንዳለ ላቅርበው?»

መልሱን ወዲያው ልነግራት ይገባ ነበር። አልቻልኩም። «ማታ ልደውልልሽ» ብዬ ዘጋሁት። ከብዙ ዓመት በፊት እኔም ይህንኑ ጥያቄ፣ በባዕድ አገር ሆቴል ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ፣ ራሴን ጠይቄ ነበር። የዚያን ሌሊት መልሴ «ላውጣው» የሚል ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለእሷ የነገርኳትን እናንተም ብትሰሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

መድረኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዶክተራል ኮንሶርሺየም ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ከዋናው ጉባኤ ቀደም ብሎ ይካሄዳል። የመስካችን ትልቁ ጉባኤ አይ ሲ አይ ኤስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ፊላደልፊያ ላይ ነው፤ በእሱ ኮንሶርሺየም የሚገቡት ወደ 40 የሚሆኑ ተማሪዎች ብቻ ናቸው። የአውሮፓው ጉባኤ በ1993፣ የአሜሪካ አህጉሮች ጉባኤ በ1995 ተከትለው መጡ። የሚፈለገው ፕሮፖዛሉ ያለቀ፣ ጥናቱ ግን ገና ያላለቀ ተማሪ ነው። የሚሰጣችሁን ምክር ይዛችሁ ለመለወጥ ጊዜ ሊኖራችሁ ስለሚገባ ነው። አምስት ስድስት ተማሪ ከሁለት ነባር ፕሮፌሰሮች ጋር አንድ ጠረጴዛ ይከባል። ማርክ የለም። የሚያልፍም የሚወድቅም የለም።

እኔ ይህ አልገባኝም። የሄድኩት ለዲፌንስ፣ ጥናቱን ተከላክሎ ለሚያልፍበት ፈተና፣ እንደሚቀርብ ሰው ተዘጋጅቼ ነው።

ጥናቴ ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ስለሚገባ የኮምፒውተር ሪፖርት ሥርዓት ነበር። ባለሙያው ይቀበለዋል ወይስ አይቀበለውም? የያዝኩት እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመውን የፍሬድ ዴቪስን የቴክኖሎጂ ተቀባይነት ሞዴል ነው። ሰው አንድን ሥርዓት የሚጠቀመው ለሥራዬ ይጠቅመኛል ብሎ ሲያምንና አጠቃቀሙም ቀላል ሆኖ ሲታየው ነው ይላል ሞዴሉ።

ያንን ጽሑፍ ያገኘሁት ማስተርሴን ስሠራ ነው። ኢንተርኔት ገና አገራችን አልገባም። ውጭ ያለ ጓደኛዬ ፎቶ ኮፒ አድርጎ በፖስታ ላከልኝ፤ ሁለት ወር ፈጀ። ቸርችል ጎዳና ካለው ዋናው ፖስታ ቤት ተቀብዬ ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የመጨረሻው ገጽ ግማሹ አልወጣም፤ ቀለሙ አልቆ ኖሯል። ያ ወረቀት ለዓመታት አብሮኝ ዞሯል። በብዙ ድካም ያገኙትን ነገር መጠራጠር ከባድ ነው። ዛሬ በአንድ ጠቅታ ሃያ ጽሑፍ የምታወርዱ ልጆች ይህ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። እኔ ግን ሞዴሉን እንደ ራሴ ንብረት ነበር የምወደው።

ወደ ጉባኤው ከመሄዴ ከጥቂት ወራት በፊት ለቅድመ ጥናት ሰሜን ሸዋ ወረድኩ። ከደብረ ብርሃን በመኪና፣ ከዚያ በእግር፣ አንድ ጤና ኬላ ደረስኩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ገና ልጅ እግር ናት። ስለ ወርሃዊ ሪፖርቱ ጠየቅኋት። ቅጹን አሳየችኝ፤ በየሳጥኑ ቁጥር ተሞልቷል። «ቁጥሩን ከየት ታመጪዋለሽ?» አልኳት። ትንሽ አመነታች። ከዚያ ከጠረጴዛው መሳቢያ አንድ ደብተር አወጣች።

ሰማያዊ ሽፋን ያለው ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። ጀርባው ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። ቁስል ላይ በሚለጠፈው ፕላስተር። ውስጡ በትንንሽ ፊደል ግጥም ብሏል። «ከወፍጮው በላይ፣ 7 ወር፣ ባሏ እሺ አላለም፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ እናቷን ማነጋገር።» ከሥሩ ደግሞ «ከጊዮርጊስ በታች፣ መንታ ይመስላል፣ መኪና አይገባም፣ ቃሬዛ የሚይዙ 8 ሰዎች ተነግሯቸዋል።» ገጽ በገጽ እንዲህ ነው። የተሠራው በእርሳስ ተሰርዟል፤ ያልተሠራው ክብ ተደርጎበታል። ሪፖርቱ በ20 ሲዘጋ ደብተሩን እየገለጠች ትቆጥርና ቅጹ ላይ አንድ ቁጥር ታሰፍራለች። ነፍሰ ጡር እናቶች፣ 23።

«ቁጥሩ የወረዳው ነው፤» አለችኝ፣ «ደብተሩ የእኔ ነው።»

ከጤና ኬላው ስወጣ የነገረችኝ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞር ነበር። ኮምፒውተሩ የሚገባው ቁጥሩን ወደ ላይ ለማሳለፍ ነው። እናቶቹን በሕይወት የሚያቆየው መረጃ ግን መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ታዲያ የኢንፎርሜሽን ሥርዓቱ የትኛው ነው? በእኔ ሞዴል ውስጥ ለዚያ ደብተር የሚሆን ሳጥን አልነበረም። ሁለት ገጽ ፎቶ አነሳሁ፤ ፈቅዳልኝ ነው።

አዲስ አበባ ተመልሼ ሴሚናር ላይ ስናገር አንድ መምህር «ይሄ ወሬ እንጂ ዳታ አይደለም» አለኝ። ቃሉ ውስጤ ገባ። እውነቱን ከተናገርኩ ግን ፎቶውን ከስላይዱ ያስወጣኝ እሱ ብቻ አይደለም። ጉባኤው ዋዜማ፣ ሌሊት፣ ስላይዶቼን እየገለጥኩ ያንን የተለጠፈ ደብተር አየሁት። ነገ ፕሮፌሰሮቹ ኢትዮጵያን በዚህ ደብተር ሊያዩዋት ነው ብዬ አሰብኩ። የአገሬን ገመና በባዕድ ፊት የማወጣ መሰለኝ። ሰርዝ የሚለውን ተጫንኩት። ያን የመሰለ ሥራ የሠራችውን ልጅ ነበር ያፈርኩባት። ይህን መጻፍ ዛሬም ይከብደኛል።

በማግስቱ አሥር ደቂቃ ተሰጠኝ። ሞዴሉን፣ መላምቶቹን፣ የናሙናውን መጠን፣ የመጠይቁን አዘገጃጀት አንድም ሳልደናቀፍ አቀረብኩ። ከፊቴ የተቀመጡት ፕሮፌሰር ሽበት ያላቸው ሴት ነበሩ። ፕሮፖዛሌን በእጃቸው ይዘዋል። ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ «መስክ ወርደህ ነበር አይደል? ሞዴልህ ሊያስረዳህ ያልቻለ ምን አየህ?» አሉኝ።

«ምንም» አልኩ።

አላቋረጡኝም፣ አልተቆጡኝም። እርሳሳቸውን እንደያዙ ጠበቁኝ። የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማኝ ነበር። ያቺ ዝምታ በር ነበረች። እኔ ግን በሩን በናሙናዬ ስሌት ዘጋሁት። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ቀጣዩ ተማሪ ዞሩ።

ቀጣዩ ልጅ ከእስያ የመጣ ነው። እንግሊዝኛው ከእኔ የባሰ ነበር። ሦስተኛው ስላይድ ላይ ቆመና «እዚህ ጋ ተሰናክያለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ዕቅዴ ይፍረስ አይፍረስ አላውቅም» አለ። አዘንኩለት። አለቀለት ብዬ ነበር። ወዲያው ግን ፕሮፌሰሯ ተነስተው ወደ ሰሌዳው ሄዱ። ሌላው ፕሮፌሰርም ተከተሏቸው። መሳል፣ መሰረዝ፣ እርስ በርስ መከራከር ጀመሩ። የተሰጠው ጊዜ አልቆ የሻይ ሰዓትም በእሱ ላይ አለቀ። እሱ ሲጽፍ፣ እኔ ፊቱን ሳይ ነበር።

መጨረሻ ላይ ፕሮፖዛላችንን መለሱልን። የእኔ ወረቀት ንጹሕ ነበር። ሞዴሉ ላይ አንድ ምልክት የለም። መላምቶቹ ላይ የለም። ገጽ 4 ግርጌ ላይ ግን፣ ከስላይዱ አውጥቼ ከጽሑፉ ማውጣት የረሳኋት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ ሠራተኞቹ ከመደበኛው መዝገብ ውጭ የግል ማስታወሻ እንደሚይዙ የምትናገር። ከሥሯ ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል። ሴትዮዋ የጠየቁኝ እያወቁ ነው። ይህን ያየሁት አውሮፕላን ውስጥ ነው።

ቀሪው ታሪክ አጭር ነው። ተመለስኩ፣ መጠይቁን በተንኩ፣ ሰበሰብኩ፣ ተመረቅኩ። ውጤቱ በ1989 የታወቀውን አረጋገጠ፤ የሚጠቅመውን ሰው ይጠቀማል። ደብተሯን ማጥናት የሚቻልበት መንገድ ደግሞ ያኔም ነበር። ክላይንና ማየርስ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ሰዎች ለነገሮች የሚሰጡትን ትርጉም ለሚያጠና የመስክ ጥናት ሰባት መርሆች እ.ኤ.አ. በ1999 ካስቀመጡ ዓመታት አልፈው ነበር። ተመራማሪው ሪቻርድ ሂክስም እ.ኤ.አ. በ2002 በታዳጊ አገሮች ሥርዓቶች የሚወድቁት ንድፉና መሬት ላይ ያለው እውነት ስለሚራራቁ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። «ወሬ» ላለኝ መምህር መልስ ነበረኝ፤ አላነበብኩትም እንጂ። ቆይቶ ጤና ጥበቃ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ማህደር በየጤና ኬላው ዘረጋ። ጥያቄው የእኔ ብቻ አልነበረም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ወደዚያ ጤና ኬላ ተመለስኩ። ልጅቷ ለቃለች። ደብተሩም አብሯት ሄዷል። በቦታዋ የመጣችው ሠራተኛ ከመጀመሪያው ቤት ለቤት እየዞረች እንደ አዲስ ትጠይቃለች። ቀድሞ እንደመጣሁ ስትሰማ «ጋሼ፣ ደብተሯ የት እንዳለ ያውቃሉ?» አለችኝ። እኔ ዘንድ የቀሩት ሁለት ገጽ ብቻ ነበሩ። በወረቀት አውጥቼ ላክሁላት። በሁለቱ ገጽ ያሉት እናቶች ልጆች ያኔ በእግራቸው መሄድ ጀምረዋል።

እንግዲህ ምክር ካላችሁኝ፣ ስላይድ አታብዙ፣ ጊዜ ጠብቁ የሚለውን ከሌላ ሰው ትሰሙታላችሁ። እኔ የምለው ያልገባችሁን ነገር ሁለተኛው ስላይድ ላይ አድርጉት ነው። መጨረሻ ላይ ካደረጋችሁት ጊዜ አልቋል ተብሎ ይታለፋል። እነዚያ ሰዎች የጨረሳችሁትን ለማድነቅ አልመጡም።

ይህን ስል ሞዴላችሁን ሳታውቁ ሂዱ ማለቴ አይደለም። ያ ከእስያ የመጣ ልጅ እርዳታ ያገኘው የት ቦታ እንደተሰናከለ በትክክል ስለሚያውቅ ነው። «ሁሉም ግራ ገብቶኛል» የሚል ሰው የሚይዙት ጭራ አይሰጣቸውም። ዴቪስንም፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የመጣውን፣ ተመሳሳይ ሞዴሎችን ያዋሐደውን የእነ ቬንካቴሽን ሞዴልም አጥንታችሁ ሂዱ። እኔ ስቼ የነበረው ሞዴል መያዜ ላይ አይደለም። ከኋላው መደበቄ ላይ ነው።

አንድ የሚያስከፋኝ ነገር አለ፤ ልናገረው። ዛሬ ብዙዎቻችሁ መስክ አትወርዱም። መጠይቁ በቴሌግራም ይለቀቃል፣ በሦስት ቀን 400 ሰው ይሞላዋል፣ ማን እንደሞላው አይታወቅም። የሌሎችን ጥናት ዳሰሳ ደግሞ ማሽን ይጽፍላችኋል። ጽሑፉ ከእኔ ዘመን ጽሑፍ ይልቅ ያምራል፤ ግን ጫማው አቧራ የነካው ሰው ጽሑፍ አይመስልም። እርግጥ እኔም ከሸዋ ራቅ ወዳሉት ወረዳዎች መጠይቁን የላክሁት በሾፌሮች እጅ ነው። ማን እንደሞላው ሁልጊዜ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ይህ በሽታ የእናንተ ዘመን ብቻ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም። ቢሆንም ውረዱ።

ሌላው፣ አብሯችሁ የሚሄድ ወይም እዚያ የምትተዋወቁት ሰው ማስታወሻ ይያዝላችሁ። መልስ እየሰጠ ያለ ሰው የተነገረውን አይሰማም። እናንተም ለእሱ ያዙለት። ከእስያ ለመጣው ልጅ እኔ መያዝ እችል ነበር።

ማታ ለልጅቷ ደወልኩላት። ይህን ሁሉ ነገርኳት። ጥናቷ መርካቶ ያሉ ነጋዴዎች ቴሌብርን እንዴት እንደሚጠቀሙ ነው። ያልገባት ነገር ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ገንዘብ ሲገባ መልእክቱ የሚደርሰው ቤቱ በተቀመጠው የሱቁ ባለቤት ስልክ ላይ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ያለው ሻጭ ግን ደውሎ «ገብቷል?» ይላል፣ ገዢውም እስኪረጋገጥ ቆሞ ይጠብቃል። ታዲያ ተጠቃሚ የምትለው ማንን ነው? ባለቤቱን፣ ሻጩን ወይስ ገዢውን? በሞዴሏ ውስጥ ያለው ተጠቃሚ አንድ ሰው ነው።

ገጽ 4ን ከድሮ ፋይሌ አውጥቼ፣ ሁለቱ መስመሮች እንዲታዩ አድርጌ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ብዙ ቆይታ መለሰችልኝ። «ዶክተር፣ የእኔዋ ዓረፍተ ነገር ገጽ 11 ላይ ናት። አሁን ወደ ፊት እያመጣኋት ነው።»