የእናቴ የመዳብ ድስት ወይስ ስቴንለስ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እናቴ የድሮ የመዳብ ድስቷን ሰጠችኝ። በእሱ ልሥራ ወይስ ስቴንለስ ልግዛ? (ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ እህቴ፣ ለዕለት ወጥሽ ስቴንለስ ግዢ። መዳብ ሙቀት በማስተላለፍ ስቴንለስን ከ20 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል፤ ቁሌቱን እኩል ያበስላል። ግን ቲማቲምና ሎሚ ሲነኩት መዳቡ ወደ ምግቡ ይገባል። ለዚህ ነው ውስጡ ብርማ የቆርቆሮ (የጣሪያው ሳይሆን ቲን የሚባለው ብረት) ሽፋን የሚደረግለት። ሽፋኑ ተልጦ ቀዩ ከታየ እባክሽ አታብስይበት። ደህና ቢሆንም ባዶውን እሳት ላይ አትተዪው፤ ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል።

ስቴንለሱን ስትገዢ ገልብጠሽ ቂጡን እዪ። ስስ ከሆነ ሽንኩርቱ መሃል ላይ ያርራል። እኔ ለዶሮ ወጥ ወፍራሙን ብቻ ነው የምመርጠው። ቂጡ ውስጥ አሉሚኒየም ያለበት ካገኘሽ ብር ጨምረሽም ቢሆን ውሰጂው። የእናትሽን ድስት ግን እንዳትሸጪው!