መልስ፦ ባሮኔት ባሮን አይደለም

ከስሙ ኋላ «ቢቲ» የተጻፈለትን እንግሊዛዊ ሎርድ ልበለው ወይ ብለህ ለጠየቅኸኝ፦ አይ፣ ሎርድ ብለህ እንዳትጽፈው፤ ሎርድ የሚባለው ባሮን ነው። በምትተረጉመው የሕይወት ታሪክ ላይ ከእንግሊዛዊው ስም ኋላ የተደረደሩት «ቢቲ፣ ቲዲ፣ ኤፍሲኤ» ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

«ቢቲ» ባሮኔት ማለት ነው። በዘር የሚወረስ ማዕረግ ነው፤ ሰውየው ሲሞት አብሮ ከሚቀረው የናይትነት ማዕረግ የሚለየው በዚህ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ 1ኛ እ.ኤ.አ. በ1611 የጀመሩት ገንዘብ ቸግሯቸው ነው፤ ማዕረጉን የፈለገ ሰው በአልስተር (በሰሜናዊ አየርላንድ) 30 ወታደሮችን ለ3 ዓመት የሚያኖር 1,095 ፓውንድ ይከፍል ነበር (በግልጽ አማርኛ፣ ሽያጭ)። ባለማዕረጉ «ሰር» ይባላል፤ በዚህ ብቻ ግን የሎርዶች ምክር ቤት (የብሪታንያ ፓርላማ የላይኛው ምክር ቤት) አይገባም።

«ቲዲ» በተጠባባቂው ጦር፣ ያኔ ቴሪቶሪያል አርሚ በሚባለው፣ ለረጅም ዓመታት ላገለገለ መኮንን እስከ እ.ኤ.አ. 1999 ይሰጥ የነበረ ሜዳይ ነው። ስለዚህ «ዕድሜውን ሙሉ ወታደር ነበር» አትበል፤ መተዳደሪያው ሒሳብ ነው። «ኤፍሲኤ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1880 የተቋቋመው የእንግሊዝና ዌልስ ቻርተርድ አካውንታንቶች (የሒሳብ ባለሙያዎች) ተቋም ፌሎ፣ ማለትም ከፍ ያለ ደረጃ ያለው፣ አባል መሆኑን ይነግርሃል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። «ሰር» የሚገባው በራሱ ስም ላይ ነው፣ ልክ እኛ «አቶ አበበ» እንደምንለው። እኔ ድሮ ከቤተሰብ ስሙ ጋር ብቻ ለጥፌው አርታኢዬ ገጹን በቀይ እስክሪብቶ ሞልቶ መለሰልኝ።