ሐዋሳ ልቆይ፣ አዳማ ልሂድ ወይስ አዲስ አበባ ልግባ?

ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በሶፍትዌር ምህንድስና ተመርቀው የራስዎን ሥራ የት ቢጀምሩ እንደሚሻል ለጠየቁን ወንድማችን፣ በሐዋሳም በአዳማም ሠርቻለሁና የገጠመኝን ልጻፍልዎ። ሐዋሳ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቆይቻለሁ፤ አዳማ ከገባሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ለኑሮ ከሆነ ሐዋሳን አልለውጥም፤ አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር መቀመጥን የመሰለ ነገር እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ያስቸገረኝ ገበያው ነው። ለአንድ ሆቴል የክፍል ማስያዣ ፕሮግራም ሠርተን ካስረከብን ከሦስት ወር በኋላ ለጥገና ስሄድ፣ እንግዳ ተቀባይዋ እያንዳንዱን እንግዳ መጀመሪያ በትልቁ መዝገብ በእስክሪብቶ፣ ቀጥላ በኮምፒውተር ስትመዘግብ አገኘኋት። ለምን ሁለት ጊዜ እንደምትደክም ብጠይቃት «መብራት ሲጠፋ ጋሼ የሚጠይቁኝ መዝገቡን ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ፕሮግራሙን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራና በስልክም እንዲከፈት አድርገን ሌሎች ሆቴሎችን ስናነጋግር ግን፣ ሥራ አስኪያጁ ይወደውና ገንዘብ የሚፈቅዱት ባለቤት አዲስ አበባ ሆነው ይገኛሉ። 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ለግማሽ ሰዓት ስብሰባ መሄድ ቢያንስ የአንድ አዳር ወጪ አለው፤ ቀጠሮው ከተሰረዘ ደግሞ ሁለት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ተስፋ ሰጥቶኝ ነበር፤ በሩን ያንኳኳሁባቸው ፋብሪካዎች ግን ሶፍትዌራቸው ከውጭ አገር እናት ኩባንያቸው የሚመጣ ነበር።

አዳማን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ጠዋት ወጥቶ፣ ደንበኛ አነጋግሮ፣ ማታ ቤት መግባትን አስችሏል። መንገዱ ራሱ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን መንገዱ አዲስ አበባ ከሚያበቃበት ከቱሉ ዲምቱ ቦሌ ለመድረስ ግን አንዳንድ ቀን ከዚያ የበለጠ ይፈጃል። ሠራተኛ ለመቅጠርም የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን አሉ፤ ችግሩ ሥራውን ካስለመድናቸው በኋላ አዲስ አበባ የሚከፈለው ደመወዝ ይወስዳቸዋል።

አዲስ አበባን በተመለከተ ባንኮቹም፣ ገንዘብ የሚያፈሱ ሰዎችም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው የጀማሪ ቴክኖሎጂ ድርጅቶች ማዕከል አይስአዲስም እዚያው ናቸው፤ የቤት ኪራዩ ግን ገቢ ሳይኖር የሚደፈር አይደለም። የናይሮቢን የቴክኖሎጂ ሥራ እያነሱ «እኛ ለምን ዘገየን?» ለሚሉም፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያና መክፈያ የሆኑት የኬንያው ኤምፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007፣ የእኛው ቴሌብር ደግሞ በ2021 መጀመራቸውን ማስታወስ ይገባል። በስልክ መክፈልን ገና ለሚለማመድ ደንበኛ ወርሃዊ የሶፍትዌር ክፍያ ማስለመድ ምን ያህል እንደሚያደክም እኔ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ ለውጭ አገር ደንበኛ በርቀት የሚሠሩ ከሆነ ሐዋሳን አይልቀቁ። የሚሸጡት ለአገር ውስጥ ድርጅት ከሆነ ግን አዳማ ይምጡ። ቤት ከመከራየትዎ በፊት በሳምንት ስንት ጊዜ መብራት እንደሚጠፋ የሰፈሩን ባለሱቅ ይጠይቁ፤ ደላላው አይነግርዎትም።