ጦስኝን በማጭድ እንጂ በእጅ አትሰብስቡ

ለልጆቼ፣

ከመካከላችሁ አንዱ «ጦስኝ አድርቀን ብንሸጥ ያዋጣናል?» ብሎ ጠየቀኝ። ያዋጣል። ጥያቄው ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

የመንዝ አባቶች ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣር ሜዳ ቄሮ በተባለ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ሜዳው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም በአንድነት ያጭዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሥልጣኑን ሲያጣ ያገኘ ሁሉ ያለ ወቅቱ ይገባ ጀመር። ዛሬ ጓሳን ማኅበረሰቡ መልሶ ይጠብቀዋል፤ እሰየው። የሚቆጨኝ ግን ያ «ቆርጠህ አሳርፈው» የሚል ሕግ ወደ ሌሎቹ ጋራዎቻችን አለመዝለቁ ነው። ጦስኝ እዚያ በጆንያ ከነሥሩ ይነቀላል።

ዝናብ ባራሰው አፈር ላይ በእጅ የተጎተተ ጦስኝ ሥሩን ይዞ ይመጣል፤ ቦታው ይራቆታል፣ አፈሩም ይታጠባል። የዛሬ ወጣት ችኩል ነው፤ ጆንያው ቶሎ እንዲሞላለት ይፈልጋል። በተሳለ ማጭድ ለስላሳውን ጫፍ ብቻ ቁረጡ፤ ከቅጠላሙ ክፍል ሲሦውን ውሰዱ። እንጨት የሆነው ግንድ ቅጠል ካልቀረለት መልሶ አያቆጠቁጥም። የቆረጣችሁበትን ቦታ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ክረምት ማግስት አትንኩት።

ጊዜው አበባ ሲጀምር ነው። ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይ ሳይበረታ እጨዱ። እርጥቡን በጆንያ ጠቅጥቃችሁ ካሳደራችሁት ይሞቅና ይጠቁራል፤ ገዢ አይቀበላችሁም። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ልማድ ሆኗል፤ ሽታውንና ያን የሚያቃጥል ጣዕሙን የሚሰጡት ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ዘይቶች ግን በሙቀት ይተናሉ። ነፋስ በሚገባበት ጥላ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አሳስታችሁ አስጡት፤ በየቀኑም አገላብጡት። ግንዱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ከ3 እስከ 4 ኪሎ እርጥብ 1 ኪሎ ያህል ደረቅ ይወጣዋል፤ ዋጋ ስትተምኑ ይህን አትርሱ። ቅጠሉን ከግንዱ አራግፋችሁ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ፣ ብርሃን በማያገኘው ቦታ አስቀምጡ። ለሻይ ቆንጠር ያለው ይበቃል፤ ማንቆርቆሪያው ይከደን።

ችኩል አልኳችሁ እንጂ፣ ጓሯቸው ላይ መትከል የጀመሩትም ወጣቶች ናቸው፤ ደስ ይለኛል። 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ያላበበ ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፉ፣ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ግማሹን ቅበሩ። እስኪይዝ ጥላ ይፈልጋል፤ ከያዘ በኋላ ሙሉ ፀሐይ። ውሃ በሚቋጥር መረሬ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ላይ ግን ሥሩ ይበሰብሳልና ተዳፋት ምረጡለት።