ቦሌ ያለው ቢሮ ወይስ ቃሊቲ ያለው ፋብሪካ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህታችን። ባሕር ዳር የኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሐሳቤ ማኔጅመንት ኮንሰልታንት፣ ማለትም ድርጅቶችን ስለ አሠራራቸው የሚያማክር ባለሙያ መሆን ነው። ለኢንተርንሺፕ ሁለት ቦታ አግኝቻለሁ። አንዱ ቦሌ ያለ የማማከር ቢሮ ነው። ስሙ ሲቪ ላይ ያምራል፤ ሥራው ግን «ሰነድ በማዘጋጀት ማገዝ» ነው ብለውኛል። ሌላው ቃሊቲ ያለ ጫማ ፋብሪካ ሲሆን የምመደበው ምርት ክፍል ነው። ጓደኞቼ «ኮንሰልታንት ልሁን እያልክ ጫማ ፋብሪካ ምን ልትሠራ?» ይሉኛል። ያለኝ አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው። የትኛውን ልያዝ?
— ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ ብሆን ፋብሪካውን እይዝ ነበር። ሁለቱንም ዓይነት ቦታ ስላየሁት ነው እንዲህ የምልህ።

ተማሪ ሳለሁ የተመደብኩት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር። አለቃዬ በመጀመሪያው ቀን «ሴቶቹ ቀርፋፋ ናቸው፤ ሰዓት ያዢላቸው» አለኝ። ደብተርና ስልኬን ይዤ መስመሩ ዳር ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ኮሌታ የምትሰፋ አንዲት እናት ቀና ብለው «ልጄ፣ እኛ ላይ ሰዓት ከምትይዢ ክሩ ላይ ያዢ» አሉኝ።

ያዝኩ። ሥራ የሚጀመረው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ክሩ ከመጋዘን የሚወጣው ግን ማዘዣው ሲፈረም ነው። የሚፈርሙት ሰውዬ የሚገቡት 3 ሰዓት አካባቢ ነው። ዘጠኝ ቀን መዘገብኩ። መስመሩ በቀን በአማካይ 70 ደቂቃ ቆሞ ይውላል! ለአለቃዬ ሳሳየው መጀመሪያ ተቆጣ። በኋላ ግን ማዘዣው ማታ፣ ሰው ከመውጣቱ በፊት እንዲፈረም ተስማማ። በሁለት ሳምንት ውስጥ 70ው ወደ 15 ወረደ። አዲስ ማሽን አልተገዛም፤ ማንም አልተባረረም።

ከተመረቅኩ በኋላ ደግሞ አንድ የማማከር ቢሮ ሦስት ወር በኢንተርንነት ሠራሁ። ቢሮው ያማረ ነበር። እኔ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ስላይድ ላይ ሣጥን ሳስተካክል ነው የከረምኩት። ደንበኛውን አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። እውነት ለመናገር አንድ ጥሩ ነገር ተምሬያለሁ፦ የስላይድ ርዕስ «ወጪ» ተብሎ ብቻ አይጻፍም፤ «ወጪው የጨመረው በትራንስፖርት ምክንያት ነው» ተብሎ ሐሳቡ ራሱ ይጻፋል። ይህን ግን በሁለት ቀን መማር ይቻላል።

ልዩነቱ የሚታየው ለሥራ ስትወዳደር ነው። ለምሳሌ አዲስ አበባም ቢሮ ያለው ዓለም አቀፉ የማማከር ድርጅት ማኪንዚ ቃለ መጠይቁ ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛው ኬዝ ነው፤ የአንድ ድርጅት ችግር ይሰጥሃል፣ እያሰብክ ትፈታለህ። ሁለተኛው ከራስህ ሕይወት አንድ ታሪክ መጠየቅ ነው። አንዱን ታሪክ ይዘው ወደ ታች ይቆፍሩሃል። ማን እምቢ አለህ? ያኔ ምን አልከው? እሱስ ምን መለሰ? ሣጥን ሲያስተካክል የከረመ ልጅ እዚህ ጋ ምን ይላል? እኔ በየቃለ መጠይቁ የክሩን ታሪክ ነበር የምናገረው።

ጓደኞችህ ፋብሪካና ማማከር የማይገናኙ ይመስላቸዋል። አልፈርድባቸውም። ኢንጂነሪንግ ግቢ ውስጥ ኮንሰልታንት ሲባል ቶሎ የሚታሰበው የግንባታ ተቆጣጣሪው ነው። ግን ማኪንዚን በ1926 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ጄምስ ማኪንዚ ራሱ የሒሳብ ሰው ነበር፤ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ያስተምር ነበር። እሱ ወደ ማማከር የመጣው ከድርጅት መዝገብ ተነሥቶ ነው። ስለዚህ ቃሊቲ ከገባህ ምርት ክፍል ብቻ አትቅር። ሁለት ሳምንት ፋይናንስ ክፍል እንዲያስቀምጡህ ለምናቸው። አንድ ጥንድ ጫማ ስንት እንደሚያወጣ ከላይ እስከ ታች አውጣው፤ ቆዳው፣ ሶሉ፣ ማስቲሹ፣ ጉልበቱ፣ መብራቱ። ይህን በኤክሴል ራስህ ከሠራኸው የትርፍና ወጪ ኬዝ አያስፈራህም።

ግድግዳው ላይ የካይዘን (ሥራን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) ሰሌዳ ካየህ ደስ ይበልህ። አምስቱን «ማ»ዎች፣ በ«ማ» የሚጀምሩትን የሥራ ቦታ አያያዝ ደንቦች፣ በቃል ለመሸምደድ አይደለም። ካይዘን በትክክል የሚሠራበት ቤት ቁጥር ይመዘግባል፤ ያለፈውን ወር ከዚህኛው ወር ጋር ማወዳደር ትችላለህ።

አንድ የምፈራልህ ነገር አለ። አንዳንድ ፋብሪካ ተማሪ ይቀበልና ጥግ ያስቀምጠዋል። የትብብር ደብዳቤህን ከማስገባትህ በፊት ሄደህ የቅርብ አለቃህ ማን እንደሆነ ጠይቅ። የዕለት ምርት መዝገቡን ማየት ይፈቀድልህ እንደሆነም ጠይቅ። «ቁጥር ሚስጥር ነው» ካሉህ ሐሳቤን እቀይራለሁ፤ እዚያ ሴሚስተርህን አትጨርስ። የሠራተኛ ሰርቪስና ምሳ እንዳላቸውም ማጣራት አትርሳ። ክፍያ ከሌለ ታክሲው ብቻ ኪስህን ያራቁተዋል፤ ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።

ቦሌዎቹንም ዝም ብለህ አትተዋቸው። ሰኞ ደውልና «ደንበኛ ጋ ስትሄዱ ትወስዱኛላችሁ?» በላቸው። አዎ ካሉና የምትሄድበትን ሥራ በስም ከነገሩህ፣ እነሱ ጋ ግባ። «እናያለን» ካሉህ ግን ደብዳቤህን ይዘህ ቃሊቲ ውረድ።