ቫልቭና ማይክሮሶፍት ሲፎካከሩ ሥራው የት አለ?

ሰላም እህቴ፤

ጥያቄሽ በአጭሩ ይህ ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የ4ኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነሽ። ወንድምሽ ጅማ መርካቶ አካባቢ 4 ዴስክቶፕ ያለው ጌም ቤት አለው፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ስላበቃ ማሽኖቹን ባዛይት ወደሚባለው ለጌም የተሠራ የሊኑክስ ሲስተም ልቀይር ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። አንቺ ደግሞ ለጌም የተሠሩት የሊኑክስ ሲስተሞች እያደጉ ስለሆነ እነሱን ልከተል ወይስ የማይክሮሶፍት ሰርተፍኬት ልውሰድ ብለሻል።

አንዱን መርጠሽ ሌላውን እንድትተዪ አልመክርሽም። ይህን ፉክክር የሚሠሩት ሁለቱንም ሲስተም ከውስጥ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ የሚከፈልበት ሙያም እዚያ ነው።

የስቲም ጌም መደብር ባለቤት የሆነው ቫልቭ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተውን ስቲምኦኤስን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ስቲም ማሽን የተባሉት ኮምፒውተሮች በ2015 ገበያ ላይ ውለው ብዙም ሳይቆዩ ከገበያ ወጡ። ያኔ ጌም ሠሪዎች ሥራቸውን ለሊኑክስ እንደገና ማዘጋጀት ነበረባቸው፤ ገዢው ጥቂት ስለነበር አብዛኞቹ አልደከሙበትም፤ ጌም ስለሌለ ደግሞ ገዢ አልመጣም። ቋጠሮውን የፈታው በ2018 የወጣው ፕሮተን ነው፤ ለዊንዶውስ የተሠራውን ጌም እንዳለ ወስዶ ሊኑክስ ላይ ያስኬዳል። በውስጡ ዋይን የዊንዶውስን ጥሪዎች ይመልሳል፤ ዲኤክስቪኬ የዊንዶውስን የግራፊክስ ቋንቋ ዳይሬክትስሪዲን እስከ 11ኛው ስሪት ድረስ ሊኑክስ ወደሚያውቀው ወደ ቨልካን ይተረጉማል፤ 12ኛውን ደግሞ ቪኬዲስሪዲ-ፕሮተን ይይዛል። በ2022 የወጣው የቫልቭ በእጅ የሚያዝ የጌም ኮምፒውተር ስቲም ዴክ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በ2025 ሌኖቮ ሌጅን ጎ ኤስን ከነስቲምኦኤሱ ሸጠ። ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት ከአሱስ ጋር ባወጣው ሮግ ኤክስቦክስ አላይ ላይ ዴስክቶፑን ሳይከፍት በቀጥታ ወደ ጌም የሚገባ ገጽ ይዞ መጣ። ግን ልኩን እወቂው፦ በስቲም ወርሃዊ ዳሰሳ የሊኑክስ ድርሻ 3 በመቶን ያለፈው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ነው፤ ዊንዶውስ አሁንም ከ90 በመቶ በላይ ይዟል።

አሁን ብዙ ተማሪ የማያየውን ነገር ልንገርሽ። ዋይን ላይ ለመሥራት ዊንዶውስን በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ የዊንዶውስ ፈንክሽን ባዶ እሴት ሲሰጠው ምን ስህተት እንደሚመልስ፣ ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ሲያዝ ምን እንደሚያደርግ የሚያረጋግጡ ትናንሽ የሲ ፕሮግራሞች አሉ፤ ቴስት ይባላሉ። መጀመሪያ ዊንዶውስ ላይ ይሮጣሉ፣ ከዚያ ዋይን ላይ፤ ልዩነት ከታየ ዋይን ይታረማል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም። በ2025 በወጣው ሊኑክስ 6.14 ውስጥ ኤንቲሲንክ የሚባል ድራይቨር ገብቷል፤ የዊንዶውስን የክር (ትሬድ) ማመሳሰያ ዘዴ በሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ የሚሠራ ነው። ይህን ለመጻፍ ሁለቱንም ከርነሎች መረዳት ግድ ነበር። አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፦ አፈትልኮ የወጣ የዊንዶውስ ምንጭ ኮድ ያየ ሰው ለዋይን ኮድ ማበርከት አይችልም። ቴሌግራም ላይ ቢላክልሽ እንኳ አትክፈቺው።

ላፕቶፕሽ 6ኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ 8 ጂቢ ራም ነው ብለሻል፤ ለመማር ይበቃል። ዊንዶውስ 11 በይፋ ባይቀበለውም የግራፊክስ ክፍሉ ዲኤክስቪኬ የሚፈልገውን ቨልካን 1.3 ይደግፋል። 4ኛ ትውልድ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ትቆሚ ነበር። ባዛይትን ሳይሆን ተራውን የሊኑክስ ሲስተም ፌዶራን ጫኚ። ባዛይት የሲስተም ፎልደሮቹን ስለሚቆልፍ ለተጫዋች ምቹ ነው፤ አንቺ ግን የምትፈልጊው የተቆለፈውን ነው። ዊንዶውሱንም አታጥፊው፣ ቴስቶቹን የምታሮጪበት እሱ ነው።

ከመጫንሽ በፊት ፋይሎችሽን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጪ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) በርቶ ከሆነ የመልሶ ማግኛ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፊ፤ የባዮስ ቅንብር ሲነካ ዊንዶውስ ቁልፉን ይጠይቃል፣ ከሌለሽ ፋይሉ ሁሉ ሄደ ማለት ነው። ፋስት ስታርትአፕን አጥፊ፤ ካልጠፋ ዊንዶውስ ዲስኩን ግማሽ ተኝቶ ስለሚተወው ሊኑክስ መጻፍ ይከለክላል። ከዚያ በዊንዶውሱ ዲስክ ማኔጅመንት ቢያንስ 60 ጂቢ ቀንሺ። የፌዶራውን ፋይል በግቢው ኔትወርክ አውርደሽ ፍላሽ ላይ ጻፊው። ላፕቶፕሽ ባትሪው ደካማ ከሆነ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ፓርቲሽን አትንኪ።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት አንድ ቦታ አለ፦ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ጌሞቹን በዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ ፓርቲሽን ላይ ትቶ ከሊኑክስ መክፈት። ፕሮተን በሚፈጥረው ፎልደር ውስጥ ሁለት ነጥብ (:) ያለበት የፋይል ስም ስለሚገኝ ኤንቲኤፍኤስ ላይ ይበላሻል፤ ጌሙ አረንጓዴውን ቁልፍ ስትጫኚ ይነሳና ያለ መልእክት ይጠፋል። ጌሙን ወደ ሊኑክሱ ፓርቲሽን አዛውሪ። ዳታም የሚያልቅብሽ ከሆነ በስቲም የዳውንሎድ ቅንብር ውስጥ የሼደር (የግራፊክስ ኮድ) ቅድመ ዝግጅቱን አጥፊ፤ ጌሙ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ፓኬጅሽ ግን ይተርፋል።

ለልምምድ ክራክ የተደረገ ጌም አትጠቀሚ። ዋይን በእንዲህ ያለ ጌም ላይ የቀረበ የስህተት ሪፖርት አይቀበልም፣ ስለዚህ ድካምሽ ለሲቪሽ አይሆንም። በስቲም ለዊንዶውስ ብቻ የወጡ ነጻ ዴሞዎች ሞልተዋል። የማይሠራ ፈልጊ፤ በጌሙ ማስጀመሪያ ሳጥን የፕሮተንን ሎግ አብሪ፤ የትኛው ፈንክሽን ላይ እንደቆመ አንብቢ፤ የፕሮተኑን፣ የከርነሉንና የሜሳውን (የግራፊክስ ድራይቨሩን) ስሪት ጽፈሽ ሪፖርት አድርጊ። እንዲህ በደንብ የተጻፉ 5 ሪፖርቶችና ተቀባይነት ያገኘ 1 ቴስት ካለሽ ለቀጣሪ የሚታይ ነገር ይዘሻል። ለዋይን ኮድ ስትልኪ ዲሴምበርን ዝለዪ፤ በጃንዋሪ ለሚወጣው ዓመታዊ ስሪት ሲዘጋጁ ትናንሽ እርማቶችን ብቻ ነው የሚቀበሉት።

ፕሮተንን ከቫልቭ ጋር የሚሠራው ኮድዊቨርስ የሚባል ኩባንያ ነው፤ በግራፊክስ ድራይቨርና በከርነል በኩል ኢጋሊያና ኮላቦራ አሉ። ከሩቅ የሚሠሩ ሰዎች ይቀጥራሉ፤ ሆኖም ገና የተመረቀ ሰው በቀጥታ የሚገባበት በር ጠባብ ነው። ስለዚህ በልምምድ ፕሮግራሞች በኩል ግቢ፦ የጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ፣ 3 ወር የሚቆየውና 7,000 ዶላር የሚከፍለው አውትሪቺ፣ የኢጋሊያ የራሱ የኮዲንግ ልምምድ። ከማመልከቻው በፊት የሠራሽው ነገር ያግዝሻል፤ ዛሬ የምትጀምሪው ለዚያ ነው።

እስከዚያው እንጀራ ያስፈልጋል፣ የጅማ ቢሮዎችም በዊንዶውስ ላይ ናቸው። ሒሳብ ክፍሉ ፒችትሪ ይጠቀማል፣ ጸሐፊዋ በፓወር ግዕዝ ትጽፋለች፤ እነዚህን ትታ ወደ ሊኑክስ የምትሄድ መሥሪያ ቤት በቅርብ አልጠብቅም። ስለዚህ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የመሥሪያ ቤት ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች ማስተዳደሪያ)፣ ኔትወርክና ባክአፕ ተማሪ። ኤም ሲ ኤስ ኤ አስተምረን ሰርተፍኬት እንሰጣለን የሚል ማሠልጠኛ ካገኘሽ ገንዘብሽን አትስጪ፤ ማይክሮሶፍት ያንን ፈተና በ2021 ዘግቶታል። አሁን ካሉት አንዱ የማይክሮሶፍት ክላውድ (አዡር) አስተዳዳሪ ፈተና የሆነው ኤዜድ 104 ነው። በሰርቨር በኩል ደግሞ የሬድ ሃት የሊኑክስ ሰርተፍኬት አርኤችሲኤስኤ አለ፤ ፈተናው ማሽን ላይ እየሠሩ የሚፈተኑት ስለሆነ ፌዶራ ላይ ያጠፋሽው ጊዜ በቀጥታ ይጠቅምሻል።

ወደ ወንድምሽ ስመጣ፦ ደንበኛው የሚመጣው ለኤፍሲ (የኢኤ ኩባንያ የእግር ኳስ ጌም) ከሆነ አትቀይሩ። ከፊፋ 23 ጀምሮ ያሉት የኢኤ የእግር ኳስ ጌሞች የሚጠቀሙት ፀረ-ማጭበርበሪያ ዊንዶውስ ከርነል ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይነሱም፤ ፎርትናይትና ቫሎራንትም እንዲሁ። ጂቲኤ 5 ለብቻ ሲጫወቱት ይሠራል፣ ኦንላይኑ ግን ከ2024 ወዲህ ተዘግቷል። ጂቲ 730 የግራፊክስ ካርድ ያላቸው ሁለቱ ማሽኖች ቨልካን 1.3ን ስለማይደግፉ ከመጀመሪያው አይታሰቡም። አርኤክስ 570 ካላቸው ከሁለቱ አንዱ ላይ ብቻ፣ ከዊንዶውሱ በተለየ ዲስክ፣ ባዛይት ይጫን። ዶታ 2ና ካውንተር ስትራይክ 2 ለሊኑክስ የተሠራ የራሳቸው ስሪት አላቸው፤ አብዛኛውን ፋይል ስቲም በቤቱ ኔትወርክ ከሌላው ማሽን ሊገለብጥ ስለሚችል እንደገና የሚወርደው ይቀንሳል። ሲስተሙ ሲታደስ መብራት ቢጠፋ አሮጌው ስሪት እንዳለ ስለሚቆይ በእሱ ይነሳል። አንድ ወር ደንበኛ የትኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ይመዝግብና ቀሪው ያኔ ይወሰን። ለግለሰብ ተጠቃሚ የተራዘመው የዊንዶውስ 10 ጥገና እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ድረስ ብቻ መሆኑን ግን ከአሁኑ ንገሪው፤ ለሁለቱ ጂቲ 730 ማሽኖች አዲስ ካርድ መግዣ ማጠራቀም ያለበት በዚያ ቀን ልክ ነው።