የናፖሊዮን 10 ሳንቲም ለምን ቀላ?

ጥያቄ፦ ባለ ዘውድ «ኤን» ፊደል ያለበት፣ እ.ኤ.አ. በ1808 የተሠራ የፈረንሳይ 10 ሳንቲም ገዛሁ። ብር ነው ተብዬ ነበር፤ ፊደሉና ጠርዙ ግን ቀልቷል። ሐሰተኛ ይሆን? በሎሚ ባጸዳውስ?

መልስ፦ መቅላቱ ብቻውን ሐሰተኛ አያሰኘውም። ከመቶ 20 እጁ ብቻ ብር ነው፤ የቀረው መዳብ። ጥፍጥፉ (ምስል ያልተቀረጸበት ክብ ብረት) ምስሉ ከመመታቱ በፊት በአሲድ ስለሚታጠብ የላዩ መዳብ ሟሙቶ ስስ የብር ገጽ ይቀራል። ይህ ገጽ ሲፋቅ፣ መጀመሪያ ከፍ ያሉት ቦታዎች ላይ፣ ቀዩ ይወጣል። አዲስ ሳለ 2 ግራም ይመዝናል፣ ስፋቱም 19 ሚሊሜትር ነው። በጣም የተፋቀ ከሆነ ክብደቱ ትንሽ ቢጎድል አይደንግጡ፤ ማግኔት ከሳበው ግን ለሻጩ ይመልሱት።

ሎሚና የጥርስ ሳሙና በፍጹም! የተረፈችውን ገጽ ይወስዳሉ፤ ዋጋውም አብሮ ይሄዳል። ቅባት ካለበት በመስታወት ዕቃ ንጹሕ አሴቶን (ቅባት የሚያሟሟ ፈሳሽ) ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይንከሩት (መስኮት ከፍተው፣ ከእሳት ርቀው)፤ አይፈትጉት። ለስላሳ የፒቪሲ (የፕላስቲክ ዓይነት) ኪስ ውስጥም አያኑሩት፤ ጊዜ ሲቆይ አረንጓዴ ዝልግልግ ያወጣና መዳቡን ይበላል።

ሌላው፣ በ«ኤን» ፈንታ «ኤች» እና «ኤን» ተጠላልፈው ካዩ ሳንቲሙ የፈረንሳይ ሳይሆን የናፖሊዮን ወንድም ዤሮም የነገሠባት፣ በጀርመን ምድር የነበረችው የዌስትፋሊያ መንግሥት ነው።